ለዕረፍት ወደ ዛንዚባር ደሴት ለሚሄድ ቤተ ሰብ

ክረምት ሲቃረብ፥ ትምህርት ቤትም ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፥ «ዘንድሮ ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚለው ነው። ቀድሞ መልሱ ቀላል ነበር፤ ወደ አያት አገር፥ ወደ ፍል ውሃ፥ ወይም ወደ ሐይቅ ዳር ነበር። አሁን ግን አይሮፕላን ውቅያኖሱን አቅርቦታልና፥ ከዐዲስ አበባ የተነሣ ሰው ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ ዛንዚባር ይደርሳል። ገንዘቡ የሚፈቅድለት ቤተ ሰብ ስለዚህች ደሴት ማሰቡ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን ስለ ዛንዚባር የሚወጣው ማስታወቂያ የሚያሳየን ነጭ አሸዋ፥ ሰማያዊ ውሃ፥ ወደ ባሕሩም ዘንበል ያለ የኮኮናት ዛፍ ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ትልቅ ቤት ያለውን ሰው ለመጠየቅ ሄዶ ደጁን ብቻ አይቶ እንደ መመለስ ይሆናል። ብዙ ገንዘብ አውጥተው፥ ስምንት ቀን በሆቴል አጥር ውስጥ ተቀምጠው፥ ከአገሩ ሰው ጋራ ሳይነጋገሩ የተመለሱ ቤተ ሰቦች እንዳሉ እናውቃለን። ልጆቻቸው «ምን አያችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት የዋና ገንዳውን ወሬ ነው። የዋና ገንዳ ደግሞ በቢሾፍቱም አለ። ስለዚህ የዕረፍቱ ዐሳብ ሲወጠን የሆቴሉን ዋጋ ከመጠየቅ አስቀድሞ የአገሩን ጊዜ፥ የባሕሩን ጠባይና የሰዉን ሥርዓት መጠየቅ እንደሚገባ ለማሳየት ይህን ጽፈናል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የዝናቡንና የበጋውን ወራት ግን ለቤታችን እንዲመች በራሳችን ስም ጠርተናቸዋል።)

ዛንዚባር የሚለው ስም የአንዲት ደሴት ስም ብቻ አይደለም። ትልቂቱ ኡንጉጃ ትባላለች፤ ሁለተኛዪቱ ፔምባ ናት፤ በዙሪያቸውም ትንንሽ ደሴቶች አሉ። እንግዳ ሁሉ የሚሄድባት ኡንጉጃ ርዝመቷ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ቀን በመኪና ቢዞሩባት ዳር እስከ ዳር ትታያለች። አገሪቱ በ1964 ከታንጋኒካ ጋራ ተዋሕዳ ዛሬ ታንዛኒያ የሚባለውን መንግሥት መሥርታለች፤ ሆኖም የራሷ ፕሬዚዳንትና የራሷ የሕግ ምክር ቤት አላት። በ2022 በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም እጅግ የሚበዛው እስላም ነው።

አሁን ወደ ጊዜው እንመለስ። በዛንዚባር ዝናቡ ሁለት ነው። ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ቩሊ የሚባለው ትንሹ ዝናብ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይመላለሳል። በማሲካ ጊዜ ብዙ ሆቴሎች ስለሚዘጉ፥ ያልተዘጉትም ዋጋቸውን ስለሚቀንሱ፥ ርካሽ አገኘሁ ብሎ በዚያ ወራት የሚሄድ ሰው የገዛው ዝናብ እንደ ሆነ ኋላ ያውቀዋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የደጋ ሰው አይወደውም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ግን ደረቅም ነፋሻም ነው፤ ቀን ወደ 28 ዲግሪ ይሆናል፤ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ይመቻል። እንግዲህ ይህ ወራት ዐዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ የምትያዝበት፥ ልጆቻችንም ከትምህርት የሚያርፉበት ክረምታችን ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ክፉው ነገር፥ የአውሮፓም ሰዎች ዕረፍታቸው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ ማደሪያውና የአይሮፕላኑ ቦታ ቶሎ ይያዛል፤ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ያልተሰናዳ ቤተ ሰብ በሐምሌ የሚያገኘው ሌላው የተወውን ነው።

ይህን የጊዜ መፈራረቅ የሚያመጡት ሁለት ነፋሶች ናቸው። አንደኛው ካስካዚ ይባላል፤ ከሰሜን ምሥራቅ ከታኅሣሥ ጀምሮ ይነፍሳል። ሁለተኛው ኩሲ ይባላል፤ ከደቡብ ተነሥቶ በእኛ ክረምት ይነፍሳል። ይህን የምንናገረው ለሸራ ጀልባ ወዳጆች ብቻ ብለን አይደለም። ደሴቲቱ የብዙ ዘር መኖሪያ የሆነችው በእነዚህ ነፋሶች ምክንያት ነውና። በመርከብ ሞተር ሳይኖር የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ እየተገፉ ይመጡ ነበር፤ ኩሲ እስኪነሣ ድረስ ግን መመለሻ አልነበራቸውም። ስለዚህ ለወራት ይቀመጡ ነበር። ወራት የተቀመጠ ነጋዴ ደግሞ ቤት ይከራያል፤ ቋንቋ ይማራል፤ ሚስትም ያገባል። የስዋሂሊ ቋንቋ ሥሩ የአፍሪካ ባንቱ ሆኖ ሳለ ብዙ የዐረብ ቃል የገባበት በእንዲህ ያለው መቀመጥ ነው። ከፋርስ ከሺራዝ መጣን የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ ከኦማን የመጡ አሉ፤ ከጉጅራት የመጡ የሂንዱና የእስላም ነጋዴዎች፥ ከጎዋ የመጡ ካቶሊኮች፥ ከኮሞሮስ ደሴቶች የመጡ ሊቃውንት፥ ከየብሱም አፍሪካ በፈቃዱም በግድም የመጣ ሕዝብ አለ።

ከነፋሱ ቀጥሎ ጨረቃ አለች። በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ፥ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፥ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። በጐደለ ጊዜ ውሃው እጅግ ርቆ ስለሚሸሽ፥ ጧት የዋኘበትን ስፍራ ከቀትር በኋላ ያየ ልጅ «ባሕሩን ማን ወሰደው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ቀን የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት አራት ሜትር እስከ መሆን ይደርሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ የባሕሩን ሰሌዳ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል፤ በቤቱ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሽማግሌ ያለው ሰውም የጨረቃዋን ቀን ከእርሱ ቢጠይቅ አይሳሳትም። ቀኑን ሙሉ ለመዋኘት የሚሻ ቤተ ሰብ በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ወደሚባሉት ዳርቻዎች ቢሄድ ይሻለዋል፤ በዚያ ውሃው ብዙ አይሸሽም። በምሥራቁ በኩል ባሕሩ ሲጐድል ወደ ውስጥ መሄድ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ግን ጫማ ሳያደርጉ አይገባም። እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ ትንሽ ጥቁር የባሕር ፍጥረት በድንጋዩ መካከል አለና፥ የወጋው እግር ዕረፍቱን በአልጋ ይጨርሳል።

የጾምንም ነገር ቀድሞ ማሰብ ይገባል። የረመዳን ጾም ከፀሐዩ ዓመት ጋራ ሲነጻጸር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፥ ሲሄዱ መቼ እንደሚውል መጠየቅ ያሻል። በዚያ ወር ቀን በከተማዪቱ ምግብ ቤቶች የሚዘጉት ይበዛሉ፤ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ጾመኛውን መናቅ ነው። እኛ ራሳችን ጾመኞች የሆንን ሰዎች ይህን ለማስተዋል አስተማሪ አያስፈልገንም። በሌላ በኩል የእኛ ፍልሰታ በነሐሴ መጀመሪያ፥ ዕረፍቱ በሞቀበት ጊዜ ይገባል። የሚጾም ሰው ግን በዛንዚባር አይቸገርም፤ ባቄላ መሰሉን ማሃራጌ በኮኮናት ወተት ይቀቅሉታል፤ ሩዝ በቅመም፥ ካሳቫ፥ ሙዝና ማንጎ በየቦታው አለ። «ሥጋ፥ ወተትና ቅቤ አያስፈልገኝም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ብቻ ነው።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ በአጭሩ እንናገራለን። የመግቢያ ፈቃድ ከመነሣት አስቀድሞ ይሰናዳል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጕዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መሆን አለበት። ከ2024 ኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የመንገደኛ መድን እንዲገዛ ታዟል፤ ዋጋውም ለአዋቂ 44 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ተወስኖ ነበር። ወባ እንደ ቀድሞው ባይበዛም ጨርሶ አልጠፋምና፥ ሐኪም ማማከርና በአጎበር ውስጥ መተኛት ይገባል። በሻንጣ ውስጥ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባት የተከለከለ መሆኑን ደግሞ የቤት እመቤቶች ልብ ይበሉ፤ ልብስ የሚጠቀለለው በጨርቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች የት ይዋሉ? እኛ የምንመክረው፥ ከአይሮፕላን እንደ ወረዱ ወደ ባሕር ዳርቻ መሮጥን ትቶ ሦስት ሌሊት በድንጋይ ከተማ ማደርን ነው። የድንጋይ ከተማ የምንለው እንግሊዞች ስቶን ታውን ያሉትን የጥንቱን ከተማ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ቤቶቹ ከባሕር በተፈለፈለ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። መንገዶቹ ጠባቦች ስለ ሆኑ በብዙዎቹ መኪና አይገባም፤ ይህም ልጆች ለያዘ ሰው በረከት ነው። መንገድ ይጠፋል፤ ግን ከተማዪቱ በባሕር ዳር ስለ ሆነች ብዙ ሳይደክሙ ከውሃው ዳር ይወጣሉ።

ልጆቹ በሮችን ይቍጠሩ። የሕንድ በር በትንንሽ ሳንቃ የተከፋፈለና በነሐስ ጕጦች የተመታ ነው፤ ጕጦቹ በሕንድ አገር ዝሆን በሩን ገፍቶ እንዳይሰብር የተፈለሰፉ ናቸው ይባላል። የዐረቡ በር ከላይ ባለው ሳንቃ ላይ ብዙ ጊዜ የቁርዓን ቃል ተቀርጾበታል። አንድ ሰው ባለጠጋ መሆኑ በግድግዳው ሳይሆን በበሩ ይታወቅ ነበር። በአንድ ሰዓት እግር ጕዞ ውስጥ መስጊዶች፥ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፥ ከ1893 እስከ 1898 የተሠራው ሁለት ግንብ ያለው የካቶሊክ ካቴድራል፥ እንዲሁም የእንግሊዞች ካቴድራል ይታያሉ። በባሕሩ ዳር ያለው ባለ እንጨት ሰገነት ትልቅ ቤት፥ ታርያ ቶፓን የሚባል የሕንድ ባለጠጋ ያሠራው ነው፤ ብዙ ዘመን የድኾች መድኃኒት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ሡልጣን በርጋሽ በ1883 ያሠራው፥ የተአምራት ቤት የሚባለው ግን በ2020 ዲሴምበር ከፊሉ ፈርሷል።

ልጆቹ ከፍ ያሉ ከሆኑ፥ የእንግሊዞቹን ካቴድራል ሳያሳዩአቸው አይመለሱ። ይህ ቤተ ክርስቲያን የቆመው የሰው ገበያ በነበረበት ስፍራ ነው። ከየብሱ አፍሪካ እየተነዱ የመጡ ሰዎች በዚያ ይሸጡ ነበር። ሡልጣን በርጋሽ በ1873 በእንግሊዞች ግዴታ ገበያውን ዘጋው፤ በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት ተጣለ፤ መንበሩም ባሪያዎች ታስረው ይገረፉበት ከነበረው ግንድ ስፍራ ላይ ሆነ። በግቢው በጕድጓድ ውስጥ በአንገታቸው ሰንሰለት የገባ የድንጋይ ምስሎች ቆመዋል። ይህን መታሰቢያ ክላራ ሶርናስ የምትባል ስዊድናዊት በ1998 ሠርታዋለች፤ ሰንሰለቱ ግን የጥንቱ እውነተኛ ሰንሰለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። የዛንዚባር ሡልጣን የሰዒድ ልጅ ልዕልት ሳልሜ፥ ከአገሯ ወጥታ የጀርመን ነጋዴ ካገባች በኋላ፥ በ1886 በጀርመንኛ የሕይወት ታሪኳን አሳትማለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአባቷ ቤተ መንግሥት ከሰርካሲያ ከመጡት ሴቶች ጋራ ከሐበሻ አገር የመጡ ሴቶችም ይኖሩ እንደ ነበር ትተርካለች። እነዚህ ሴቶች በፈቃዳቸው የሄዱ አልነበሩም። በየትኛው ገበያ ተሸጡ፥ በየትኛው ወደብ ተሻገሩ፥ እናቶቻቸውስ ስንት ዘመን አለቀሱ? ስማቸውን የያዘ የአገራችን መዝገብ የለም፤ ልጆቻቸው ግን በዚያ ተወለዱ፥ በዚያም ተቀበሩ። የዛንዚባር ሰው መሆናችንን ሲሰማ «ሐበሻ!» ብሎ ፈገግ ቢል፥ ቃሉ ከእኛ ቀድሞ በዚያ የኖረ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ለሕፃናት ይህን ሁሉ መንገር አያሻም፤ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ግን ሊሰማው ይችላል፤ ቢሰማውም ይሻላል ብለን እናምናለን።

ስለ ደሴቲቱ መንግሥትም ጥቂት ማወቅ ያሻል። እንግሊዝ በ1890 አገሪቱን በጥበቃዋ ሥር አደረገች። በ1896 ኦገስት 27 ቀን፥ እንግሊዝ ያልወደደችው መስፍን በዙፋን ስለ ተቀመጠ፥ የጦር መርከቦቿ ቤተ መንግሥቱን ደበደቡት፤ ጦርነቱም 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ቈየ። ዓመቱን አንባቢ ልብ ይበል፤ ዐድዋ የተደረገውም በዚያው በ1896 ነው። አገሪቱ ነጻ የወጣችው በ1963 ዲሴምበር ሲሆን፥ ከአንድ ወር በኋላ በ1964 ጃንዋሪ 12 ቀን አብዮት ተነሥቶ ሡልጣኑ ተሰደደ። ያን ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች፥ ይልቁንም ዐረቦችና ሕንዶች፥ ሞቱ፤ ብዙዎችም ንብረታቸውን ትተው ወጡ። በዓለም የታወቀው ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ በ1946 በዚች ከተማ ከፓርሲ ወላጆች ተወልዶ ነበር፤ ቤተ ሰቡም በ1964 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። እንግዲህ አስጎብኚዎች «ሁሉም በፍቅር የሚኖርባት ደሴት» ሲሉ እውነትነት አለው፤ ግን በዋጋ የተገኘ ነው። ስለ 1964 ነገር በመንገድ ላይ ያገኙትን ሰው መጠየቅ ጨዋነት አይደለም፤ ሽማግሌ በራሱ ፈቃድ ቢጀምርልዎ ዝም ብሎ መስማት ነው።

ለእኛ ሰው ደስ የሚያሰኘው ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቈጥሩት እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው። ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን ጧት እነርሱ «ሳአ ሞጃ»፥ ማለት አንድ ሰዓት ይሉታል። አውሮፓዊው እንግዳ በዚህ ይደናገራል፤ የእኛ ሕፃን ግን ወዲያው ይገባዋል። ሆኖም ሆቴልና አይሮፕላን በፈረንጅ ሰዓት፥ ባለ ጀልባ በአገሩ ሰዓት ስለሚናገሩ፥ ቀጠሮ ሲያዝ «ጧት ነው ወይስ ማታ፥ በማን ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቃሉም ቢሆን ጆሯችን የሚያውቀው አለበት፤ ባሕር «ባሃሪ»፥ ስኳር «ሱካሪ»፥ ሻይ «ቻይ» ነው። በገበያ ግን «ኤልፉ» ሲባል አይደንግጡ፤ እኛ እልፍ የምንለው ዐሥር ሺህን ሲሆን የእነርሱ ኤልፉ አንድ ሺህ ነው።

ሰላምታቸው ደግሞ ሥርዓት አለው። ታናሽ ለታላቅ «ሺካሞ» ይላል፤ ትርጓሜው እግርዎን እይዛለሁ እንደ ማለት ነው። ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል። የሽማግሌ ጕልበት መሳም ተምሮ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልጆቻችሁ ከመሄዳቸው በፊት እነዚህን ሁለት ቃላት ቢያጠኑ፥ በየደጁ የሚያገኙት አክብሮት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ሴትዮዋን «ማማ»፥ ሽማግሌውን «ባቡ»፥ አሮጊቷን «ቢቢ» ማለት የተለመደ ነው፤ በባዶ ስም አይጠሩም። ልብስም እንዲሁ ነው። በከተማና በመንደር ውስጥ ወንድም ሴትም ትከሻውንና ጕልበቱን ይሸፍናል፤ የዋና ልብስ ከባሕሩ ዳር አያልፍም። ወይዛዝርት ነጠላቸውን ይዘው ቢሄዱ ለፀሐዩም ለጨዋነቱም ይጠቅማቸዋል። ሰውን፥ ይልቁንም ሴቶችን፥ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም።

ማታ ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ባለ ምግቦች ፋኖስ አብርተው ይሰለፋሉ፤ የተጠበሰ ዓሣ፥ የሸንኮራ ጭማቂ፥ ኡሮጆ የሚባል ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ይሸጣሉ። ስምንት እጅ ያለውን «ፕዌዛ» የሚባል የባሕር እንስሳ ልጆቹ ለማየት እንጂ ለመብላት አይፈጥኑም። ዋጋ ሳይበሉ ይጠየቃል። ቅመሙ ግን የደሴቲቱ ክብር ነው። ቅርንፉድ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከውጭ መጥቶ ተተክሎ፥ ኋላ ዛንዚባር ለዓለም ዋናዪቱ አቅራቢ እስከ መሆን ደረሰች፤ ያን ተክል ያለሙትም ባሪያዎች ነበሩ። ከከተማው ውጭ ባሉት የቅመም እርሻዎች ቀረፋው በልጥ፥ እርዱ በሥር፥ ሄሉ በግንዱ ሥር ሲታይ፥ በወጥ ቤት ዱቄቱን ብቻ የምታውቅ የቤት እመቤት ከሁሉ አብልጣ የምትደሰተው በዚህ ይመስለናል።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወደ ባሕሩ ይኼዳል። በመንገድ ላይ ጆዛኒ የሚባለው ጫካ አለ፤ በሌላ አገር የማይገኝ ጀርባው ቀይ ጦጣ በዚያ ይኖራል። ከእኛው ጕሬዛ ጋራ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸውና ልጆቹ መልካቸውን ያነጻጽሩ፤ ምግብ መስጠት ግን ክልክል ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ ሲጐድል ሴቶች ወገባቸውን ታጥቀው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። እነዚህ የባሕር ሣር ገበሬዎች ናቸው፤ ሥራው በ1980ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ ለብዙ የመንደር ሴቶች የመጀመሪያው የራሳቸው ገንዘብ ሆኖላቸው ነበር። ሣሩ በገመድ ታስሮ ያድጋል፤ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ከእርሱም ለምግብና ለሳሙና የሚሆን ነገር ይወጣል። ባሕሩ እየሞቀ በመሄዱ ግን ዋጋ የሚያወጣው ዘር እየታመመ ሥራቸው ከብዷል። ከእነርሱ ዘንድ ሳሙና የገዛ፥ በመንደር ቤትም ምሳ የበላ ቤተ ሰብ ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ማደሪያም ሲመርጡ፥ ሆቴሉ መንደርተኛውን ከባሕሩ ዳር የሚከለክል አጥር ያለው እንደ ሆነ መጠየቅ አይከፋም።

በሐምሌ የሚሄድ ሰው አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። በደቡብ ማኩንዱቺ በምትባል መንደር ምዋካ ኮግዋ የሚባል የዘመን መለወጫ በዓል በዚያ ወር ይከበራል፤ ከጥንት የፋርስ ዘመን መለወጫ ጋራ የተያያዘ ነው። ወንዶች በሙዝ ግንድ እየተማቱ የዓመቱን ቂም ያወጣሉ፤ ሴቶች አዲስ ልብስ ለብሰው ይዘፍናሉ፤ የሣር ጎጆም ይቃጠላል። በዚያ ቀን እንግዳ የሌለው ቤት ዕድለ ቢስ ነው ስለሚባል፥ «ግቡ» ቢሏችሁ አታመንቱ።

ስለ ስጦታ። የኤሊ ልብስና ከባሕር የተነቀለ ኮራል መግዛት ሕግን መተላለፍ ነው፤ አይገዛም። ቅመም፥ የተጠለፈ ቆብ፥ የሰሌን ቅርጫት መልካም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን «ካንጋ» የሚባለው ባለ ሁለት ቍራጭ የሴቶች ልብስ ይመስለናል። በእያንዳንዱ ካንጋ ግርጌ አንድ የስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል። ሴቶች በአፋቸው ሊናገሩት የማይችሉትን፥ ለጎረቤት፥ ለባል፥ ለጣውንትም፥ ያን ለብሰው ያስነብቡታል፤ የእኛ ሰምና ወርቅ ማለት ነው። አንዳንዱ ምስጋና ነው፤ አንዳንዱ ምርቃት ነው፤ አንዳንዱ ግን ጠብ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ ለአማታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት፥ ሻጪቱን አንብባ እንድትተረጕምላችሁ ለምኗት።